ቀይ ነው

«ይቺ የሱ ሳትሆን አትቀርም» አሉ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ጆንያውን እንደ ታመመ ዶሮ ደረታቸው ላይ አቅፈው በሩ ላይ ቆመው።

ቀብሩ ትናንት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፣ ግማሹ ከፀጉር ቤቱ ተሸክመው ባመጡት ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ። ሟቹ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ለለቀስተኛ መቀመጫ ሲጠፋ ጓደኞቹ ሮጠው ያመጡት የገዛ ሱቁን አግዳሚ ነው። እና ሰዎቹ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው መሀል ከተው ሲታዩ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ለቅሶ የመጡ ሳይሆን ተራ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። አሁን ከጓዳ ብቅ ብሎ ፎጣውን እያራገፈ «ተረኛ!» የሚላቸው ይመስላል።

ዘበኛው ጆንያውን ፈቱት። መጀመሪያ ነጭ የፎም ክንፍ ወጣ፣ ጫፉ የተቆረሰ። ከዚያ አካሏ። ከዚያ ጭራዋ። በሪሞት የምትበር ትንሽ አይሮፕላን ናት፣ ከአንድ ዳቦ አትከብድም።

ጥርስ ሠሪው የቡና ስኒ ይዞ ነበር። ስኒው ማስቀመጫው ላይ መንጫጫት ሲጀምር ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ስለሠራ ሁሉም ጥርስ ሠሪው ይለዋል። እጁ በመንቀጥቀጥ አይታማም። ሩዝ ላይ ስምህን ጻፍ ቢሉት አስተካክሎ ይጽፋል።

ዐይኑ ክንፉን አላየም፣ አፍንጫዋንም አላየም። በቀጥታ የሄደው ጭራዋ ጋ ነው። እዚያ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የነሐስ ማሰሪያ አለች። ማሰሪያዋ ላይ ብሎን አለች። ብሎኗ ላይ ቀይ ነጥብ።

አለች። ያ ሁሉ መውደቅ አልፋቃትም።

«አሁን ይሄን ምን አድርጉት ብለው አመጡት?» አለ አጎትየው፣ የእናታቸው ታናሽ ወንድም፣ ከትናንት ጀምሮ ቤቱን እንደ መሥሪያ ቤት የሚመራው። «ሰው የሞተበትን ነገር ሰው ቤት ያመጣል?»

«እኔማ የሰው ንብረት ነው ብዬ ነው» አሉ ዘበኛው። ከዚያ ወደ እናትየው ዞሩ። «እትዬ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ እንዳይወጣ ብዬዋለሁ። ‹አንተ ካፒቴን፣ የመጋዘኑ ክዳን አርጅቷል፣ መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ ለብርሃን ብለው ላስቲክ ነው ያለበሱት፣ አይሸከምህም› ብዬዋለሁ። አልሰማኝም፣ ላስቲኩን ረግጦ ወደቀ። ሲወጣ ለብቻው እያወራ ነበር።»

እናትየው ቀና አለች። «ምን እያለ?»

«‹ቀይ ነው እኮ› ይላል። መሰላሉን ሲወጣ ‹ቀይ ነው እኮ፣ ቀይ ነው እኮ› ይላል። ዞሬ አየሁ። ቀይ የሚባል ነገር የለም፣ እትዬ። ክዳኑ ግራጫ ነው። ሰማዩም እንደምታውቂው ነው። እግዜር ያሳየው ነገር ካልሆነ...»

አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ሴት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ጥርስ ሠሪው ዐይኑን ከጭራዋ አላነሳም። እዚያ ቤት ውስጥ የዛችን ቃል ትርጉም የሚያውቅ ሰው አንድ ነው የቀረው። ሁለት ነበሩ።

«በቃ ወስጄ እጥላታለሁ» አለ አጎትየው።

«ተዋት» አለች እናትየው። ራሷ ተነስታ አይሮፕላኗን በሁለት እጇ ተቀበለች። ወደ መኝታ ቤቷ ወስዳ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ጭራዋን ወደ ውጪ አድርጋ አስቀመጠቻት። በሩ ክፍት ስለነበር ጥርስ ሠሪው ከተቀመጠበት ሆኖ ይቺን ቀይ ነጥብ ቀኑን ሙሉ ሲያያት ዋለ።

*

ሟቹን ካፒቴን ያለው ሰፈሩ ነው። አይሮፕላን የጀመረው ድንገት ነው፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ሰው ትዳር ምናምን በሚልበት ዕድሜ። አንድ ደንበኛ የልጁን የተሰበረች አይሮፕላን «ስትጠርግ አብረህ ጣልልኝ» ብሎ ጥሏት ሄደ። አልጣላትም። በሳምንቱ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ከፎጣዎቹ ጋር ክንፍ ተሰቅሎ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ፎጣዎቹ ቦታ አጥተው ሳሙናው ሣጥን ውስጥ ገቡ። ምላጭ የያዘ ሰው ስለ ንፋስ ሲያወራህ ምን ትለዋለህ? ትሰማዋለህ። መላው ሰፈር ስለ ንፋስ ዐዋቂ ሆነ።

ጥርስ ሠሪው መጀመሪያ የመጣው ሊስቅበት ነበር። ሁለተኛ ቀን የመጣው ጭራዋን ሊያይለት። ከዚያ በኋላ አልቀረም። «አንተ ጭራውን ያዝ፣ እኔ አፍንጫውን» ይለው ነበር ታናሽየው። እሁድ እሁድ ከመጋዘኑ ኋላ ያለው ባዶ ሜዳ የሁለቱ ነበር። ታናሽየው ያበራል፣ ታላቅየው አንጋጦ ሰማይ ያያል።

አንድ ሕግ ነበረው ካፒቴን። አይሮፕላን ዛፍ ላይ ትውደቅ፣ ቦይ ውስጥ ትውደቅ፣ ሄዶ ያመጣታል። ያለቀላትም ብትሆን። «የወደቀች አይሮፕላን ካልተነሳች ለምን እንደወደቀች አይታወቅም» ይላል። «ለምን እንደወደቀች ካልታወቀ ነገም ትወድቃለች።»

የማሰሪያዋ ነገር የመጣው አምና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይሮፕላኗ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞተር አለች። ሪሞቱን ስትነካ ቀጭን ሽቦ ትስባለች፣ ሽቦው ጭራ ድረስ ሄዶ መሪዋን ያዞራል። ታዲያ ሽቦው በፀጉር ስፋት ከረዘመ ጭራዋ ተንሻፋ ትቀራለች፣ አንተ ቀጥ በይ ትላለህ እሷ ቀኑን ሙሉ ወደ ቀኝ ትሄድብሃለች። ስለዚህ ሽቦው የሚያጥርበትና የሚረዝምበት መላ ያስፈልጋል። መላው ሦስት ነው። ሦስቱንም አንድ ቀን ፀጉር ቤቱ መስታወት ሥር፣ ማበጠሪያዎቹ መሀል ደረደሯቸው።

«ይቺን ቪዋን እናድርግ» አለ ካፒቴን። መሀሏ ላይ እንደ ቪ የታጠፈች ሽቦ አነሳ። «ስትጨምቃት ታጥራለች፣ ስትከፍታት ትረዝማለች፣ አለቀ። የሚፈታ ነገር የላትም።»

«ባለፈው ጨምቀህ ጨምቀህ የሰበርካት ማን ነበረች?»

«እሷ አርጅታ ነው፣ ነፍሷን ይማር።»

«ሜዳ ላይ ከፒንሳ ጋር ስትታገል ግማሽ እሁድ ይሄዳል።» ጥርስ ሠሪው ሁለተኛውን አነሳ። ጫፉ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ሽቦ ነው፣ የፕላስቲክ መቆንጠጫ ይጠመጠምበታል። «ይሄ በግማሽ ዙር ግማሽ ዙር ይስተካከላል። ግን ይከብዳል። ጭራ ላይ አንድ ግራም ከጨመርክ አፍንጫ ላይ ሦስት ልትጨምር ነው።»

«ምን አለፋህ፣ የወደድከው ጥርስ ስላለው ነው።»

«አልወደድኩትም እያልኩህ ነው እኮ። እኔ የምልህ ይቺን ነው።» ነሐሷን መዳፉ ላይ አስቀመጣት። በመሀሏ ቀዳዳ ሽቦው ያልፋል፣ ከላይ ትንሽ ብሎን ገብታ ነክሳ ትይዘዋለች። «ብሎኗን ታላላለህ፣ ሽቦውን ታንሸራትታለህ፣ መልሰህ ታስራለህ። ሜዳ ላይ አንድ ደቂቃ።»

ካፒቴን ነሐሷን በጣቱ ገለበጣት። «ብትፈታስ?»

«ለምን ትፈታለች?»

«አይሮፕላን እኮ ይንቀጠቀጣል፣ ወንድሜ። ሰማይ ላይ ሆና ድድድድ ስትል ይቺን ብሎን ማን ይይዝልሃል?»

«እኔ።»

እንደዛ ነው ያለው። እኔ።

እና ለክፉም ለደጉም ብሎ አንድ ዘዴ አመጣ። ብሎኗ ከታሰረች በኋላ አናቷ ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም። ሲደርቅ ቆልፎ ይይዛታል። ቀለሙ የእናታቸው ነው። እናታቸው ጡረታ እስክትወጣ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች፣ የስልክ መስመር ስትሰካ ጥፍሮቿ ደም የመሰሉ ቀይ ነበሩ። ጡረታ ስትወጣ ጠርሙሷን ሣጥን ውስጥ ትታት ነበር። ልጆቿ ሰረቋት። «እኔ ባልቀባ እናንተ ጨረሳችሁት» ትላለች፣ ግን አላስመለሰቻትም።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ጭራዋን በሁለት ጣቱ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ብሎኗን በትንሿ ካቻቢቴ ያስራል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሩብ ዙር ጠበቅ። ከዚያ ቀለም። ከዚያ ካፒቴን ጭራዋን ሳይለቅ፣ ከንፈሩን አሹሎ እፍ እፍ እያለ ያደርቃታል። ቀይ ያለባትን ብሎን ማንም አይነካም፣ ማንም አይፈትሽም። ቀይ ከሆነች ታስራለች ማለት ነው። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተፈታችም።

*

በማግስቱ ሰዎች እየቀለሉ መጡ፣ ወሬው ግን ከበደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ጥርስ ሠሪው ውሃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ሲገባ ሴቶቹ ድምፃቸውን ቀነሱ፣ ሲወጣ መልሰው ጨመሩት።

«ጠጥቶ ነበር አሉ።»

«በጠዋት?»

«ከሌሊቱ የቀጠለ ይሆናላ። ወይ ደግሞ... አንቺ፣ ሰው ለአሻንጉሊት ብሎ ጣራ ይወጣል? የሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው? ልቡ የቆረጠ ሰው ነው እንጂ።»

«‹ቀይ ነው› ይል ነበር አሉ።»

«እሱንማ ተይው። ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው እንደዛ ይታየዋል ይላሉ።»

ሳሎን ውስጥ አጎትየው ያንኑ ወሬ በወንድ አፍ ያወራው ነበር። «ልጁ ልክ አልነበረም። እኔ ድሮም ተናግሬያለሁ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ቅዳሜም እሁድም ከላስቲክ ጋር። ብቸኝነት እኮ መጥፎ ነው።»

«ልክ አልነበረም?» አለ ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ወፍራም ሰውዬ። ባለታክሲው ነው። ከቀብሩ ጀምሮ አንድም ቀን አልቀረም። አንገቱ ላይ ፀጉሩ በምላጭ የተጠረገበት መስመር አሁንም እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይታያል። «ጋሼ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይሄን አንገቴን የላጨኝ እሱ ነው። የመጨረሻው ደንበኛ እኔ ነኝ። እጁ ትንሽ ቢዛነፍ ኖሮ ዛሬ ለቅሶው የኔ ነበር።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳያስበው ሳቀ፣ ከዚያ አፈረ።

ባለታክሲው ተነስቶ ጥርስ ሠሪውን እስከ ግቢው ቧንቧ ተከተለው። እጁን ታጠበ፣ የማያስፈልገውን ያህል ረጅም ጊዜ ታጠበ።

«ስማኝማ» አለ። «ያቺ ‹ቀይ ነው› የምትለዋ ነገር። ቅዳሜም ሰምቻታለሁ እኮ። ወንበሩ ላይ እያለሁ ወደ ጓዳ ዞሮ ‹ቀይ ነው?› አለ። ከጓዳ የመለስከው አንተ አይደለህ?»

ጥርስ ሠሪው ቧንቧውን ዘጋ። ቧንቧው ግን ማንጠባጠቡን አልተወም።

«እኔ ነኝ።»

«ምንድነው እሱ?»

«ክንፉን... ስለ ክንፉ ቀለም ነው። ቀይ እንቀባው ተባብለን ነበር።»

«እሱ ነው እንዴ» አለ ባለታክሲው። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔማ ለነዚህ ሰዎች የምላቸው ነገር ባገኝ ብዬ ነው። ስሙን እያጠፉት ነው። አንተ ግን ለምን ዝም ትላለህ? ወንድምህ አይደል?»

ጥርስ ሠሪው ቧንቧውን እንደገና ሊያጠብቅ ሞከረ። ባለታክሲው ትከሻውን ቸብ አድርጎት ሄደ።

*

ፀጉር ቤቱ መስታወት አናት ላይ ካፒቴን በገዛ እጁ የጻፋት ወረቀት አለች፤ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም»። መላጣዎቹን ሊያበሽቅ ነው የለጠፋት።

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም ጓዳ ነበሩ። ነጯ አይሮፕላን አልቃ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፣ ነገ ጠዋት ልትበር ነው። የቀረው ጭራዋ ብቻ ነው። ካፒቴን ጭራዋን በሁለት ጣቱ ይዟል። ጥርስ ሠሪው ብሎኗን አስገብቶ፣ ሽቦውን መንከስ እስክትጀምር ድረስ አዙሯታል። ያቺ የመጨረሻዋ ሩብ ዙር ቀርታለች። ከሷ በፊት ጭራዋ ቀጥ ማለቷን በደንብ ማየት አለባቸው።

ያኔ ነው ባለታክሲው የገባው። «ካፒቴን፣ ፈጠን በልልኝ፣ መኪናዬን መሀል መንገድ ላይ ነው ያቆምኳት።»

«መጣሁ» አለ ካፒቴን። ጭራዋን ለቀቃት። «አትንካት፣ አሁን እመለሳለሁ።»

እና የጥርስ ሠሪው ስልክ ጮኸች። ከሥራ ቦታው ነው። የነገ ሙሽራ አባት ጥርሳቸውን ሲለኩ ጥለው ሰብረውታል። ሠርጉ ነገ ነው፣ ሰውዬው አፋቸውን ይዘው እያለቀሱ ነው፣ ና። ስለዚህ እሁድም ሜዳ አይሄድም፣ ጠዋት ያንን ጥርስ ማስረከብ አለበት።

ብሎኗን አያት። ሽቦውን በጣቱ ሳብ አደረገው። አልሄደም። ለብቻዬ ልሰራት አለ በልቡ፣ በግራ እጁ ጭራዋን ይዞ በቀኙ ሊያዞር ሞከረ፣ ጭራዋ ዘመም አለችበት። ተዋት። ካፒቴን እስኪመለስ ሃያ ደቂቃ ነው። ስልኳ እንደገና ጮኸች።

ይዛለች እኮ፣ አለ። ምን ትሆናለች።

የጥፍር ቀለሙን ከፈተ። ቅደም ተከተሉ ትክክል እንዳልሆነ ያውቃል። ከሰው ሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ቀባት። ጃኬቱን አነሳ።

«ቀይ ነው?» አለ ካፒቴን ከፊት፣ መቀሱ ሳይቆም፣ ቅጭ ቅጭ እያለ።

«ቀይ ነው» አለ።

ውሸት አይደለም። ቀይ ነበረች።

እሁድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የሙሽራውን አባት ጥርስ እያሸ፣ እያጠራ ነበር። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ጥርሶች እንደ ወተት ነጭ ሆነው ወጥተውለታል። እንዲያውም ራሱን በልቡ አመስግኖ ነበር። ስልኳ ስትጮህ ሰውዬው ቸኩለው ነው ብሎ ነው ያነሳት።

*

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ አምስት ሰው ብቻ ቀረ። እናትየው ከመኝታ ቤቷ ጠራችው። ገባ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። ጥፍሮቿ ባዶ ናቸው።

«በሩን መለስ አድርገው።»

መለሰው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፣ አትዋሸኝ። ከኔ ሆድ ስለወጣችሁ ብቻ የማውቃችሁ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ ከኔ በላይ የሚያውቀው ይመስላል።» ድምፅዋ ደርቋል። ለቅሶዋ አልቋል፣ ከለቅሶ በኋላ ያለው ቦታ ላይ ነው ያለችው። «ልጄ ሊሞት ፈልጎ ነው?»

«አይደለም እማዬ።»

«ታዲያ እዚያ ጣራ ላይ ምን አስወጣው? አንድ ፎም? እኔ ነኝ የበደልኩት? ባለፈው ሳምንት አግባ ብዬ ጨቅጭቄው ነበር። አኩርፎ ሄዷል።»

«እማዬ፣ ተይ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ መጨረሻ የተለየኝን ሰዓት ነው የማስበው። እንጀራውን ሳይጨርስ ነው የተነሳው። በራፍ ላይ ‹ደህና ዋይ› አላለኝም። ሊሞት የወሰነ ሰው እናቱን ደህና ዋይ አይላትም እንዴ? ወይስ እንደዛ ነው የሚያደርጉት?»

ጥርስ ሠሪው ሁለት ነገር ፊቱ ቆሟል። ዝም ካለ እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን እንጀራ ስታስብ ትኖራለች። ከተናገረ የሚቀራት አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ይሄን ያደረገው።

ቁም ሣጥኑ ጋ ሄደ። አይሮፕላኗን አወረዳት። አልጋው ላይ፣ አጠገቧ አስቀመጣትና መሬት ላይ ተንበረከከ።

«ይቺን ታያለሽ? ቀይዋን።»

«የኔ ቀለም ናት።»

«ቀይ ከሆነች ታስራለች ማለት ነው። እሱ አይፈትሽም፣ እኔን ያምነኛል። ቅዳሜ ‹ቀይ ነው?› አለኝ። ‹ቀይ ነው› አልኩት። አላሰርኳትም ነበር፣ እማዬ።» ሽቦውን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። ሽቦው ነሐሷ ውስጥ ያለ አንዳች ድምፅ ተንሸራተተ። ጭራዋ ወደ ጎን ወደቀች። «ሰማይ ላይ እንዲህ ሆነችበት። እሱ ግራ ይላታል፣ እሷ አትሰማውም። ሄዳ መጋዘኑ ላይ ወደቀች። ለምን እንደወደቀች ሊያይ ነው የወጣው። አልጠጣም። አላበደም። ‹ቀይ ነው እኮ› ያለው አልገባው ብሎ ነው። በደንብ የታሰረች ብሎን እንዴት ተፈታች ብሎ። እኔ ልሳሳት እንደምችል እንኳ አልጠረጠረም።»

እናትየው ጭራዋን አየቻት። ከዚያ ራሷ፣ በባዶ ጥፍሯ ሽቦውን ገፋችው። ሄደ። ጎተተችው። መጣ።

«ምን ያህል ነው የቀረው?»

«ሩብ ዙር።»

«ሩብ ዙር» አለች።

ከሳሎን የአጎትየው ድምፅ መጣ። አዲስ ለገባ ሰው ከመጀመሪያው እየተረከለት ነው። «ቀይ ነገር ታይቶት ነበር ይላሉ፣ እንግዲህ አእምሮው...»

ጥርስ ሠሪው ተነሳ። «እነግራቸዋለሁ። አሁን ወጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

እጅጌውን ያዘችው። እንዲህ ዓይነት ጉልበት እንዳላት አያውቅም ነበር።

«ቁጭ በል።»

«ስሙን እያጠፉት ነው እኮ።»

«ቁጭ በል አልኩህ።» ቁጭ አለ። አላየችውም፣ ግድግዳውን ነው የምታየው። «አንዱን ቀብሬያለሁ። የሱን ስም ላጥብ ብዬ አንተን አልሰጣቸውም። ነገ መንገድ ላይ ‹ያ ነው ወንድሙን የገደለው› ሲሉህ ልሰማ? አልችልም። ያውሩት። እሱ አይሰማቸውም።»

«አንቺስ?»

«እኔ እሰማለሁ።»

«እኔን ግን...» አለ፣ አልጨረሰውም። ይቅር ትይኛለሽ ወይ ሊል ነበር።

ገብቷታል። እጅጌውን ለቀቀች፣ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች። በበሩ በኩል አዲስ የገባው ሰው «ወይኔ ወይኔ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበር» ሲል ይሰማል። እሷም ትሰማለች። ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«ማሰሪያው የት አለ?» አለች።

«ምኑ?»

«የምታስርበት።»

ትንሿ ካቻቢቴ ከቅዳሜ ጀምሮ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ናት። አወጣት። እናቱ አይሮፕላኗን ወደ ጭኗ ሳብ አደረገቻት፣ ማንም ሳያሳያት ጭራዋን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ በሌባ ጣቷና በአውራ ጣቷ፣ ልክ ካፒቴን ይይዛት እንደነበረው። ቀጥ አደረገቻት።

«እሰራት» አለች።

የካቻቢቴው ጫፍ ሁለቴ ሳተ። በሦስተኛው ገባ። ሲያዞረው የደረቀው ቀለም ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ፣ አንዲት ቀይ ፍንካች ጥቁር ቀሚሷ ላይ ወደቀች። አዞረው። ትንሽ ሄደና ቆመ። ከዚያ በላይ አይሄድም።

«ታስራለች» አለ። «ልቀቂያት፣ እማዬ።»

አለቀቀቻትም። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ ጭራዋን በሁለት ጣቷ ቀጥ አድርጋ እንደያዘች፣ ከንፈሯን አሹላ ቀስ ብላ እፍ አለችባት።